አብነቱና ግልባጩ

ማሽን የምንለው ኮምፒውተር ወረታ የገባው በደርግ ዘመን ማብቂያ፣ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲያጉረመርም ነው። በሁለት ካርቶን ታሽጎ በእርሻ ጽሕፈት ቤታችን ፒክአፕ መጣ። ኃላፊያችን ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ጮኸ። ኧረ ማን ሊነካው! ዘበኛችን እንዲያውም ከሩቅ አማተበበት።

ለእኔ የተሰጠኝ ስለተማርሁ እንዳይመስላችሁ። በግቢው ውስጥ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ። ደግሞም ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚጠብቀኝ ሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ብቅ በል የሚለኝ ጎረቤት የለኝ። የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ የሠራ ሰው ወዳጅ አይበዛለትም። ለዘመቻ የሚሄደውን ሰው ስም የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ሰው ደግሞ ያዘዘውን ይረሳል እንጂ የጻፈውን አይረሳም።

ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣው ባለሙያ ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ ሲጋራውን ከማሽኑ አርቆ የሚያጨስ ወጣት ነበር። ሦስት ቀን አስተማረኝ። «ይህ ማሽን በራሱ ምንም አያውቅም» አለኝ። «ስታበራው መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ዲስኬት ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሉታል። ማን እንደሆነ፣ ምን መሥራት እንደሚችል የሚነግረው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ማሽኑ ብረት ነው።» ዲስኬቱ ከመዳፍ የማይበልጥ ጥቁር ነገር ነው፤ እንደ ካርቶን ይተጣጠፋል፤ ወገቡ ላይ ሞላላ መስኮት አለው። ባለሙያው ከፋብሪካ የመጣውን ዋናውን ወስዶ በሌላ ዲስኬት ገለበጠው። ግልባጩ ላይም ለእኛ ሥራ የሚመች ትእዛዝ ጨመረበት። በየቀኑ የምሠራው በግልባጩ ነው።

«ዋናውስ?» አልሁት።

«ዋናውን ከማሽኑ ጋር በአንድ ቤት እንዳታሳድረው። እሳት ቢነሣ፣ ውኃ ቢገባ አብረው ነው የሚሄዱት።»

ይህን ሲለኝ ሳቄ መጣ። አባቴ ብራና ጸሐፊ ናቸው። ፎገራ ሜዳ ውስጥ፣ ጉብታ ላይ ባለ ደብር መሪጌታ ሆነው ዕድሜያቸውን በቀለምና በመቃ ብዕር ጨረሱ። እኛ ቤት የሚገለበጠው ዋናው መጽሐፍ አብነት ይባላል፤ ከእሱ ተጽፎ የወጣው ግልባጭ ነው። አባቴ አንድ መጽሐፍ ጽፈው ሲጨርሱ አብነቱንና ግልባጩን አንድ ጣሪያ ሥር አሳድረው አያውቁም። አንዱ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ይገባል፤ አንዱ እቤት ይቀራል። ከአዲስ አበባ ድረስ ሰው መጥቶ የአባቴን ሕግ ሲያስተምረኝ ባልስቅ ምን ላድርግ?

ወረታ ላይ ግን ዋናውን የማስቀምጥበት ደረቅ ቦታ አልነበረኝም። ፎገራ ነሐሴ ላይ አጠገቡ ያለውን ሐይቅ ራሱን ነው የሚመስለው። ባለፈው ክረምት ጽሕፈት ቤታችን ገብቶ የመዝገብ ሣጥን ያነሣ ውኃ ነው። እኔ የማውቀው፣ ውኃ የማይደርስበት፣ ነገር መጠበቅ የሚያውቅ ሰው ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የአባቴ ቤት። ለገበያ የመጡ የደብሩ ቄስ አግኝቼ ዲስኬቱን በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ብጣሽ ወረቀት ላይ «አብነት ነው። እሳትና ውኃ አያግኘው» ብዬ ጻፍሁ። እንዴት ሰነበቱ እንኳ አላልሁም።

ለምን ራሴ አልሄድሁም? እንዲህ ነው። ወንድም ነበረኝ፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ሁለታችንም ከአባታችን ዘንድ ነው የተማርነው። ልጆቻቸው ብንሆንም እንደ ተማሪው ሁሉ «የኔታ» ነበር የምንላቸው። ወንድሜ ዜማውን አንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዘዋል። እኔ ከእሱ አፍ እየለቀምሁ ነው ያደግሁት፤ እሱ ሲያነሣ አነሣለሁ፣ እሱ ሲጥል እጥላለሁ። እሱ ባይኖር አንድ መስመር ብቻዬን አልዘልቅም ነበር። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ላይ፣ ከየቤቱ አንድ ወንድ ለዘመቻ ተባለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር «አንተ ጸሐፊያችን ነህ፤ ትቀራለህ» አለኝ። ዝርዝሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የወንድሜንም ስም የጻፍሁት በዚህችው እጄ ነው። ከጥምቀት በኋላ በሦስተኛው ቀን ሄደ። ደብዳቤም አልመጣ፤ መርዶም አልመጣ።

የሄደ ዕለት አባቴ ሰው በተሰበሰበበት አዩኝና «አብነቱን ሰጥቼ ግልባጩን ታቀፍሁ» አሉ። ጮክ ብለው እንኳ አልተናገሩትም። በሳምንቱ ቤቱን ትቼ ወረታ ገባሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ በግማሽ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ተቀምጬ አባቴን አላየሁም።

ክረምቱ አለፈ። ማሽኑና እኔ ተላመድን። ጠዋት ጄኔሬተሩ ሲነሣ ግልባጩን አጎርሰዋለሁ፤ እያንጎራጎረ ይነቃል። ከሰው ይልቅ ከእሱ ጋር ነበር የምውለው፤ አንዳንዴም «እህ፣ እንዴት አደርህ?» ስለው እገኛለሁ። ኅዳር ሲገባ ግን ዲስኬቱ ይንኳኳ ጀመር። የሸመገለ ዲስኬት እንዲህ እንደሚያደርግ ባለሙያው ነግሮኝ ነበር። «ያን ጊዜ ሌላ ግልባጭ አውጣ» ብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ትቶልኛል።

ሐሙስ ዕለት ሥራዬ ብዬ ተቀመጥሁ። ሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። የሩዙ ምርት ሪፖርት በዚያው ማሽን ታትሞ እንዲቀርብላቸው ኃላፊያችን ቃል ገብቷል። ዲስኬቱ ሰኞን ሳያይ እንዳይሞትብኝ አስቀድሜ ልገልብጠው አልሁ። ማሽኑ ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ አፍ የሚገለበጠውን፣ ሌላው ባዶውን ይጎርሳል። መመሪያው በአንደኛው አፍ «ሶርስ»፣ በሁለተኛው «ታርጌት» አግባ ይላል። መዝገበ ቃላቴን ገለጥሁ። ሶርስ፤ ምንጭ። ታርጌት፤ ዒላማ።

እስኪ ፍረዱኝ! ዒላማ ማለት ዓይን የሚተከልበት ነው። አባቴ ሲጽፉ ዓይናቸው የት ነው? አብነቱ ላይ ነዋ! እጃቸው ግልባጩ ላይ ይሄዳል፤ ዓይናቸው ከአብነቱ አይነቀልም። ስለዚህ ዒላማው የሚገለበጠው ነው። ምንጭ ደግሞ አዲስ ነገር የሚፈልቅበት ነው፤ አዲሱ ግልባጭ የሚፈልቀው ከባዶው ነው። ጥርት ያለ ነገር መሰለኝ። ባዶውን በምንጩ፣ የምሠራበትን በዒላማው አፍ አገባሁ።

ማሽኑ እንቢ አለ። «ጥበቃ አለበት» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዲስኬቱን አውጥቼ ሳገላብጥ ጠርዙ ላይ አንዲት ብርማ ወረቀት ተለጥፋለች። ባለሙያው እንዳይጻፍበት ብሎ የለጠፋት መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ ግን ጥሩ ልጅ ሆኜ በጥፍሬ ልጬ ጣልኋት። ያ ምስኪን ማሽን ለመነኝ፤ አልሰማሁትም። አንጎራጎረ፣ አንጎራጎረና ጨረስሁ አለ።

አጥፍቼ አበራሁት። «ዲስኬቱ ሲስተም የለውም፤ ቀይርና ማንኛውንም ቁልፍ ምታ» አለኝ። መታሁ። በዝግታ መታሁ፤ በኃይልም መታሁ። ፊደላቱን ሁሉ አንድ ባንድ መትቼ ጨረስሁ። ያው ነው። ባዶውን በተጻፈበት ላይ ገልብጨዋለሁ። ምን እንዳደረግሁ ያን ጊዜ ገባኝ።

ኃላፊያችን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። በሩን ዘጋና «አሻጥር ነው የሚሉት» አለኝ በሹክሹክታ። «ሰኞ ይህ ነገር ካልተነሣ እኔ አላድንህም። ራሴንም አላድን።» በዚያ ዘመን አሻጥር የተባለች ቃል ሰው ላይ ከተለጠፈች በጥፍር አትላጥም። አዲስ አበባ ስልክ አስደወልሁ፤ ባለሙያው መስክ ወጥቷል፣ ሲመለስ እንነግረዋለን አሉኝ። ስለዚህ የቀረኝ ያ ከፋብሪካ የመጣው ዋናው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አባቴ ዘንድ ነው።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ውኃው ሸሽቶ ሜዳው ጓያና ሽምብራ ለብሷል፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር ተሰነጣጥቋል። ከብቱ በመንገዱ ሁሉ ተኝቶ አላሳልፍ ይላል። የማገኘው ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ቀረብ ብሎ ሲያየኝ ግን ያውቀኛል፣ ካወቀኝ ደግሞ ፈጠን ብሎ ያልፋል። እኔም የምፈራው ከኋላዬ ያለውን አሻጥር ይሁን ከፊቴ ያለውን ደጃፍ ሳልለይ ነበር የምሄደው። እውነቱን ልናገር፤ ደጃፉ ይብስ ነበር።

አባቴ ከቤቱ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል። ማንም አልነገረኝም ነበር። ብዕር የሚይዘው እጃቸው ባዶውን ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል።

«ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። ከዚያ «ለዕቃህ መጥተህ ነው» አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም። «አዎ» አልሁ፤ ውሸት አልችል አልሁና።

ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የመጻሕፍት ማኅደሮች በዳበሳ አንዱን አወረዱ። የወንድሜ ማኅደር ነው፤ የተማረባት ዳዊት አሁንም አለች። ዲስኬቱ ከጎኗ ነበር። ከነላስቲኩ አልነበረም ግን።

«ላስቲኩ ያልበዋል ብዬ አወጣሁት» አሉ። «መስከረም ላይ መጻሕፍቱን ፀሐይ ሳስመታ እሷንም አስመታኋት። ክረምት የከረመ ነገር ብል ይበላዋል።»

ባለሙያው ፀሐይ እንዳታሳየው ብሎ ሦስት ጊዜ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ብጣሿ ወረቀት ላይ አልጻፍሁትም።

«ምን እንደተጻፈባት ላይ ብዬ ዓይኔ እንቢ አለኝ። በመስኮቷ በኩል በጣቴ ዳሰስኋት። ብራና ቢሆን ቀለሙ ጣት ላይ ይታወቃል። እሷ ግን ልሙጥ ናት። አብነት ያልኸው ባዶውን ነው እንዴ? ብዬ ስንት ቀን ተጨነቅሁ።»

ወይ ጉድ! ፀሐይ አንሶ ጣት! ያችን መስኮት በጣት መንካት ማለት ጽሑፉን መጥረግ ማለት ነው ተብያለሁ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን እኔ ራሴ ትናንት በተማረ ዓይኔ ያጠፋሁትን ይዤ፣ ዓይን የሌላቸው ሽማግሌ ሊያነቡ በመሞከራቸው ምን አፍ አለኝ? «አይደለም የኔታ፤ ጽሑፉ አይዳሰስም» ብቻ አልሁ። እንጀራ ብላ አላሉኝም፤ ቁጭ በልም አላሉኝ። ዲስኬቱን በደረቴ ይዤ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘበኛው ጄኔሬተሩን አስነሣልኝ። ዲስኬቱን ከማስገባቴ በፊት እንደ ዘበኛው አማተብሁ፤ አላፈርሁም። ማሽኑ ተንኳኳ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንኳኳ። የአባቴ ጣት ያለፈባትን ቦታ እያነበበ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ጽሑፍ መጣ። ተነሣ! «ተነሣ!» ብዬ ጮኽሁ፤ የሚሰማኝ ሰው ግን አልነበረም።

የመጣው ጽሑፍ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቅ ነበር። «የዛሬው ቀን ማክሰኞ ነው፤ አንድ፣ አንድ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። ትክክለኛውን ቀን አስገባ» ይላል። ለካ ማሽኑ የቀን መቁጠሪያ የለውም። በጠፋ ቁጥር ሁሉንም ይረሳና በበራ ቁጥር ወደዚያች ወደ አንዷ ማክሰኞ ይመለሳል። ባለሙያው ግልባጩ ላይ በጨመረው ትእዛዝ እንዳይጠይቅ ዝም አሰኝቶት ኖሯል። ዋናው ግን ይጠይቃል።

የመሪጌታ ልጅ ነኝና የፈረንጅ ቀን ሳይ ወደ ራሴ ዘመን ሳልመልስ አላልፍም። እርሳስ አንሥቼ ቆጠርሁ። ታኅሣሥ ሃያ ሁለት፣ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት። አንድ ጊዜ ቆጥሬ አላመንሁም፤ ደግሜ ቆጠርሁ። ዕለቱም ማክሰኞ ነው። ጥምቀት ገና ነበር። ዝርዝሩ ገና አልተጻፈም። ወንድሜ ቤት ነበር።

እጄን ቁልፎቹ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ማሽኑ ይጠብቃል። የዚያን ቅዳሜ ቀን መጻፍ አቃተኝ። ካልጻፍህለት ያለውን ቀን እውነት ብሎ ይቀጥላል። አልጻፍሁለትም። ቅዳሜን ሙሉ በዚያች ማክሰኞ ውስጥ ሆኜ የሩዙን ሪፖርት ሠራሁ። ሦስት ግልባጭም አወጣሁ፤ አሁን ምንጩ የቱ፣ ዒላማው የቱ እንደሆነ እስክሞት አልረሳም።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ። ሪፖርቱን ተቀበሉ፣ ምሳ በሉ፣ ሄዱ። ማሽኑን አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩትም! ኃላፊያችን ግን ወረቀቱ ራስጌ ላይ የታተመውን ቀን አይቶ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። «የማሽኑ ስሕተት ነው» አልሁት።

በሳምንቱ ራሴ ተነሥቼ ወደ አባቴ ሄድሁ። የላከኝ ሰው አልነበረም። ዋናውንና አንዱን ግልባጭ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልዬ ይዣለሁ።

«ሠራች?» አሉኝ ገና ድምፄን ሲሰሙ።

«ሠራች፣ የኔታ።»

«ጣቴ አላበላሻትም?»

«አላበላሻትም።»

ቁጭ በል አሉኝ በእጃቸው። «ስትነቃ ምን አለች?»

«ቀኑን ጠየቀችኝ። እሷ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት፣ ሰባ ሁለት ይመስላታል።»

አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ሄደ። እንደ ድሮው ነው የሚቆጥሩት። «ማክሰኞ» አሉ። «ኡራኤል።» ቆጠራቸው ሲያልቅ ጣታቸው ቆመ፤ የት እንደደረሱ አየሁ።

«ምን አድርገን ዋልን ያን ቀን?» አሉኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ወንድሜ ያሰብሁት ሁሉ የሄደበት ቀን ነው። ያችን ማክሰኞ ፈልጌ አጣኋት። «አላስታውስም፣ የኔታ።»

«እኔም አላስታውስም» አሉ። «ብቻ ቤት ነበረ።»

ሁለቱን ዲስኬቶች እጃቸው ላይ አኖርሁላቸው። አንዱን በአንድ እጅ፣ አንዱን በሌላው ይዘው መዘኗቸው። «የቱ ነው አብነቱ?»

ዋናው ላይ የፋብሪካው ወረቀት አለ፤ እሳቸው ግን አያዩትም። ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ ሌላ ነገር ወጣኝ። «እንደ እኛ ብራና አይደለም፣ የኔታ። ይህ ሲገለበጥ አንዲት ነጥብ አይስትም። የተጻፈባቸው አንድ ነው። አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይነሣል።»

«ጸሐፊ ሆኖ የማይስት የለም» አሉ ቶሎ ብለው። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ስቻለሁ። በብራና ቢሆን በካራ ፍቄ አርመው ነበር። ከአፌ ወጥቶ ነው እንጂ።»

የትኛውን ቃል ማለታቸው እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አባቴ አንዱን ዲስኬት ወንድሜ ማኅደር ውስጥ ከዳዊቱ ጎን አስገቡ። ሌላውን ወደ እኔ ዘረጉ። የትኛውን እንዳስቀሩ አልጠየቁኝም።

ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ስማ» አሉ። «ክረምት ሲገባ በሰው እጅ እንዳትልካት። ራስህ አምጣት።»

«እሺ፣ የኔታ» አልሁ። ከሜዳው ገብቼ ደጃፉ ከዓይኔ ሲጠፋ ተቀመጥሁና አለቀስሁ። ለወንድሜ መርዶ ስላልመጣ አልቅሼ አላውቅም ነበር።